የበረዶ ናዳ ትምህርት ለእንጦጦ ሥር ነዋሪ ይጠቅመዋል ወይ?

መነሻ ጽሑፍ

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። የምኖረው ከፈረንሳይ ለጋሲዮን በላይ ነው። ከታክሲ ከተወረደ በኋላ ሽቅብ ሩብ ሰዓት ያህል በእግር ይኬዳል። ከቤቴ ጀርባ ባህር ዛፍ፣ ከባህር ዛፉ በላይ እንጦጦ ነው። የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ።

የአክስቴ ልጅ ኮሎራዶ ይኖራል። እዚያ በረዶ ላይ በስኪ የሚንሸራተቱበት ተራራ ላይ ፓትሮል ሆኖ ይሠራል። ሰው ከመውጣቱ በፊት በጠዋት ተራራውን ይፈትሻል። ሊናድ የደረሰውን በረዶ በፈንጂ አስቀድመው ያወርዱታል። የተጎዳ ሲኖርም ያነሳሉ። ለፋሲካ መጥቶ እኛ ቤት ሰንብቶ ነበር። አንድ ቀን ቡና እየተፈላ እናቴ በረዶ እንዴት ሰው ቀብሮ ይገድላል ብላ ጠየቀችው። እሷ የምታውቀው በረዶ ክረምት ላይ ቆርቆሮ ደብድቦ የሚቀልጠውን ነው።

ሰፌድ አምጡልኝ አለ። ዱቄት ነሰነሰበትና በመዳፉ ጠቅጠቅ አደረገው። በላዩ ስኳር በስሱ በተነ። ከስኳሩ በላይ እንደገና ዱቄት ደረበና በቀስታ ተጫነው። ከዚያ ሰፌዱን በአንድ ጎኑ ቀስ እያለ አነሳው። መጀመሪያ ምንም የለም። ትንሽ ቆይቶ ላይኛው ዱቄት ላይ ቀጭን መስመር ታየ። ወዲያው መስመሩ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀና ላይኛው ዱቄት እንዳለ፣ እንደ ቂጣ ተላቆ፣ ምንጣፉ ላይ ወረደ። የታችኛው ዱቄት ከቦታው አልተነቃነቀም። የከዳው መሐል ያለው ስኳር ነው። በረዶም በጣለ ቁጥር እየተደራረበ ይቀመጣል። መሐል ላይ እንደ ስኳር ልል የሆነ ንጣፍ ካለ፣ ከላይ ያለው ሁሉ አንድ ላይ ይሄዳል።

ከቡናው በኋላ ወደ ጓሮ ወጣን። ስልኩን መሬት ላይ አስተኝቶ ቁልቁለቱን ለካ። 34 ዲግሪ። አብዛኛው የበረዶ ናዳ የሚነሳው ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ባለው ቁልቁለት ላይ ነው። ይህ በረዶ ቢሆን እዚህ አልቆምም ነበር አለኝ። ከዚያ ከሥሩ ለቤት መሥሪያ የተቆረጠውን ቀይ አፈር ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ አየው።

እንቅልፍ የነሳኝ ግን ማታ ያወራኝ ነው። በረዶ የቀበረው ሰው በ10 እና በ15 ደቂቃ ውስጥ ከወጣ ብዙ ጊዜ ይተርፋል፤ ከ10 ሰው 9 ያህሉ። ግማሽ ሰዓት ካለፈ ግን ከ3 ሰው አንዱ ቢተርፍ ነው። የሚገድለው ከሁሉ በላይ የአየር እጦት ነው። ስለዚህ ሄሊኮፕተር እስኪመጣ አይጠበቅም። የሚያወጣው አብሮ የነበረው ጓደኛ ነው። ያም ጓደኛ ቢሆን ወደ ተቀበረው ከመሮጡ በፊት እንዲቆም ይሠለጥናል። ቁም። ወደ ላይ እይ። ገና ያልወረደ ነገር አለ ወይ? ካለ አንድ ሰው ሌላ ሥራ ሳይነካ እሱን ብቻ ይጠብቅ። መሸሻውም አስቀድሞ ይታወቅ።

ይህን ስሰማ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ጎፋ ዞን ላይ የሆነው ትዝ አለኝ። ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። መጀመሪያ ጥቂት ቤቶች ተቀበሩ። ሊያወጧቸው የተሰበሰቡትን ደግሞ ሁለተኛው ናዳ ቀበራቸው። በሁለቱ ከ220 በላይ ሰው አለቀ።

ጥያቄዬ ይህ ነው። ከዚህ ሥልጠና ለእኛ አፈርና ለእኛ ቁልቁለት የሚሆነውን ወስደን፣ ለእድር አባላት ብናስተምር ምን ይላችኋል?

ምላሾቹ

እስካሁን 25 ምላሽ መጥቷል። ዘግይታችሁ ለገባችሁ፣ ማን ምን እንዳለ በየቁጥሩ ላውጋችሁ።

1ኛው ከኮዬ ፈጬ የጻፈ ወንድማችን ነው። አመስግኖ፣ እነሱ ሜዳ ላይ ስለሆኑ ነገሩ እንደማይመለከታቸው ተናግሮ ሄደ። ኋላ ላይ ይመለሳል።

2ኛዋ በትህትና አረመችኝ። የጎፋው የአፈር እንጂ የበረዶ ናዳ አይደለም፣ አንድ አድርገህ አትጻፈው አለች። አፈር የሚናደው ዝናብ ሲበዛበት ነው። ውሃው ሰርጎ በአፈሩ ቅንጣቶች መካከል ያለውን ክፍተት ይሞላል። ክብደቱ ይጨምራል፣ መያያዣው ይላላል። ከሥሩ ውሃ የማያሳልፍ ሸክላማ አፈር ወይም የበሰበሰ ድንጋይ ካለ ደግሞ እሱ መንሸራተቻ ይሆናል። ልክ ናት። ሰፌዱ ላይ ያየሁት የበረዶን ጠባይ ነው። የኛ ስኳር ውሃ ነው።

3ኛው ምላሽ የሳውላ፣ የዚያው የጎፋ ዞን ከተማ፣ ልጅ ነው። አሁን የካ አባዶ ይኖራል። የእሱን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እሁድ ማታ ዝናቡ እንዴት እንደነበር፣ በማግስቱ ጠዋት ለእርዳታ የወጡት እነማን እንደነበሩ ጻፈ። አስተማሪዎች፣ የጤና ሠራተኞች፣ የግብርና ባለሙያዎች፣ የቀበሌው አስተዳዳሪ ሳይቀሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። በመጀመሪያው ጽሑፌ ላይ እነዚያ ሰዎች ስህተት ሠሩ የሚል ቃል ነበረበት። ጎረቤቱ ከአፈር ሥር እያለ እጁን አጣምሮ የሚቆም ማን ነው አለኝ። የሞቱት ስለሚወዱ ነው፣ ስለማያውቁ ብቻ አይደለም። ቃሉን አንስቻለሁ። አሁን የምታነቡት የተስተካከለውን ነው። እሱንም በዚሁ አጋጣሚ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።

4ኛዋ ነርስ ናት። ደቂቃዎቹ የበረዶ እንጂ የአፈር አይደሉም ብላ ጀመረች። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ከአንድ ቶን ተኩል በላይ ይመዝናል። ፊት ባይሸፍን እንኳ ደረት ላይ ካረፈ ሰው መተንፈስ ያቅተዋል። ስለዚህ ጊዜው ሊያጥር ይችላል። በሌላ በኩል የጣሪያ ወራጅ ወይም ቁምሳጥን ከላይ ደግፎት አየር የቀረለት ሰው ለሰዓታት ሊቆይ ይችላል፣ ቶሎ ተስፋ አይቆረጥም። ሰውየው ሲገኝ መጀመሪያ ፊቱና ደረቱ ይገለጥ፣ አፉና አፍንጫው ይጠረግ። እጁን ይዞ መጎተት የለም። እግሩ ለሰዓታት ተጭኖ የቆየ ከሆነ ደግሞ ከመለቀቁ በፊት የጤና ባለሙያ ቢደርስ ይመረጣል። ድንገት ሲለቀቅ፣ ከተጎዳው ጡንቻ ወደ ደም የሚገባው ነገር ልብንና ኩላሊትን ይጎዳልና። ይህን ምላሽ አትሜ እድሩ ቢሮ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ።

5ኛው ቆጣ ብሎ መጣ። ስኪ የጥጋበኛ ጨዋታ ነው አለ። ለመዝናናት ብሎ ራሱን የሚያስቀብር ፈረንጅ ለእኛ ምን ያስተምረናል? ሰፈራችን የቧንቧ ውሃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ መጀመሪያ ጠይቅ ብሎ ዘጋው።

6ኛው እኔ ነኝ። የውሃውን ነገር አልካድኩም፣ እኛም ጋ ያው ነው። ግን ያ ትምህርት የተገዛው በሞቱ ሰዎች ነው አልኩ። ስዊዘርላንድ ዳቮስ ላይ የበረዶና የናዳ ምርምር ተቋም ካቋቋሙ ከ80 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ስንት ሰው እንደተቀበረ፣ በስንት ደቂቃ እንደወጣ፣ ምን ያህል ጥልቀት ላይ እንደነበረ እየመዘገቡ ነው የደረሱበት። ለማወቅ ለሚፈልጉም መሣሪያዎቹን ዘረዘርኩ። ልብስ ውስጥ የሚታሰር ምልክት አስተላላፊ፣ ቢከን የሚሉት። በረዶው ውስጥ እየወጉ ሰው የሚፈልጉበት ተጣጣፊ ዘንግ። አካፋ። ዘንጉ ሰው ሲነካ እዚያው ይተዋል። ቆፋሪዎች ከዘንጉ በታች ካለው የቁልቁለት ወገን ተሰልፈው ይገባሉ። ከፊት ያለው ሳይደክም ይቀየራል፣ ከኋላ ያሉት በረዶውን ወደ ታች ያሻግራሉ።

7ኛው ምላሽ ለ5ኛው ነው፣ ሻካራ ነው። ነጭ ያወቀው ሁሉ አይረባም የምትል ከሆነ ስልክህንም ጣለው ይላል። ከዚያ ወሬው ለጊዜው መንገዱን ሳተ። 8ኛዋ፣ እኛም እኮ ስኪ አለን ብላ፣ በ2006 እ.ኤ.አ. ቱሪን ክረምት ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያን የወከለውን ሮቤል ተክለማርያምን አስታወሰች። አዲስ አበባ የተወለደ ልጅ ነው፣ ቫንኩቨርም ተመልሷል። 9ኛው ደግሞ የሮቤል ውድድር ረጅም ርቀት የሚሄዱበት እንጂ ከገደል የሚወርዱበት ዓይነት እንዳልሆነ አስረዳ፤ አስከትሎም ራስ ደጀን ላይ አንዳንዴ ነጭ ሆኖ እንደሚነጋ ጻፈ። ደስ የሚል ወሬ ነው፣ ግን እለፉት።

10ኛው ፎርማን ነው። ውይይቱ የተለወጠው ከእሱ በኋላ ነው። እኔ በ6ኛው ላይ የጻፍኩትን፣ ከታች ወገን መቆፈርን፣ አፈር ላይ እንዳትሞክሩት አለ። የተናደ አፈር ሥሩ ከተነካ የቀረው ይከተላል። አፈር ላይ ከጎን ነው የሚገባው፣ ያውም በባህር ዛፍ አጣናና በጣውላ እየደገፉ።

ከዚያ የራሱን ነገረን። ከዓመታት በፊት አንድ ሳይት ላይ የመሠረት ቁፋሮ ነበር። ጥልቀቱ ከሰው ቁመት ያልፋል፣ ድጋፍ የለውም። የወጣው አፈር እዚያው አፋፉ ላይ ተከምሯል። ሌሊቱን ዘንቦ አደረ። ጠዋት አንዱ ግድግዳ ወደቀና አንድ የቀን ሠራተኛ እስከ አንገቱ ተያዘ። ልጁ ይናገር ነበር፣ እናቴን ጥሩልኝ ይላል። ሰው ሁሉ ሮጦ አፋፉ ላይ ቆመ። ፎርማኑም አብሮ ቆመ። አፋፉ የሰውን ክብደት አልቻለም። የቆሙበት ወርዶ ልጁ ላይ ሞላ። ሲያወጡት አልፎ ነበር። ፎርማኑ ከዚያ በኋላ የጻፈው አጭር ነው። ከ1.5 ሜትር በላይ የሚወርድ ቁፋሮ አሜሪካ ውስጥ ያለ ድጋፍ በሕግ የተከለከለ ነው፣ ድንጋይ ካልሆነ በቀር። የወጣው አፈርም ቢያንስ 60 ሴንቲ ሜትር ከአፋፉ መራቅ አለበት። እኔ ይህን ያነበብኩት ልጁ ከተቀበረ በኋላ ነው አለ።

ከዚህ ምላሽ በኋላ ለአንድ ቀን ማንም አልጻፈም።

11ኛው ያ የኮዬ ፈጬው ወንድማችን ነው፣ ተመልሶ መጣ። ሜዳ ላይ ነን ብዬ ነበር፣ ግን በራችን ላይ ለፍሳሽ መስመር የተቆፈረ ጉድጓድ አለ፣ ልጆች ይገቡበታል አለ። ጎረቤቶቹን አስተባብሮ ሊያሳጥር ነው።

12ኛው በዘንጉ ፈንታ ቀጭን ፌሮ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ነርሷ በ13ኛው መለሰች። ፌሮ እርጥብ አፈር ውስጥ ብዙም አይገባም፣ ከገባም ሰውየውን ይወጋል። ይልቅ ጸጥታ ይሻላል። በየጥቂት ደቂቃው ሁሉም ሥራ ያቁም፣ ሞተር ይጥፋ፣ አንድ ሰው ይጣራ፣ ሌላው ያዳምጥ። የአክስቴም ልጅ ይህን ነግሮኛል፤ ከዚህም ሌላ፣ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቦታ ያየ ሰው ካለ እዚያ እንጨት ተተክሎ ምልክት ይደረጋል። ሲያለቅሱ ቦታው ይረሳል።

14ኛው ላይ ነገሩ መረረ። ጸሐፊው ቁልቁለት ላይ ጨረቃ ቤት የሠራ ሰው ናዳ ቢወርድበት ማንን ይወቅሳል አለ። ሥሩን የቆረጠው ራሱ ነው። ሥልጠና ሳይሆን መፍረስ ነው የሚያስፈልገው። 15ኛዋ መለሰችለት፣ ቃላቷን እዚህ አልደግመውም። ፍሬ ነገሩ ግን ይህ ነው። ኪራይ እየገፋው ወደ ዳር የወጣ ሰው ዳሩን መርጦ አይደለም። ልጆቿን ይዛ የምትኖረው የድጋፍ ግንብ በሌለው ቁልቁለት ሥር ነው፣ ወርዳ የምትከራይበት ገንዘብ የላትም።

16ኛው እኔ ነኝ፣ ሁለቱንም በጨዋ ደንብ እንድንነጋገር ለመንኩ። የ14ኛው ግማሽ እውነት አለው። ሰው ከሚሞትባቸው የበረዶ ናዳዎች ከ10 9ኙን የሚያስነሳው የሚሞተው ሰው ራሱ ወይም አብሮት ያለ ነው። ቁልቁለት ሥሩ ሲቆረጥም እንዲሁ ነው። ግን ቆራጩና ተቀባሪው ሁልጊዜ አንድ ሰው አይደለም። አንዱ ይቆርጣል፣ ከላይ ወይም ከታች ያለው ይከፍላል።

17ኛዋ ቆሼ አጠገብ ያደገች ናት። መጋቢት 2 ቀን 2009፣ ቅዳሜ ማታ። የቆሻሻው ክምር ተንዶ ከ110 በላይ ሰው አለቀ፣ ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት። ያኔ እሷ ሌላ ሰፈር ተከራይታ ነበር፣ ስትደርስ ሰው በጨለማ ስም እየጠራ ነው። አንድ ጥያቄ ጠየቀችና ሄደች። ምልክቱን ያየ ድሃ ለማን ይናገር? ለዚህ እስካሁን የተሟላ መልስ የሰጠ የለም። እኔም የለኝም። ቢያንስ እድሩ ይስማው፣ በጽሑፍ ይያዝ፣ ለወረዳው በእድሩ ማኅተም ይግባ የሚለውን ነው ያሰብኩት።

18ኛው የጂኦሎጂ ተማሪ ምልክቶቹን አስቀመጠ። መሬት ላይ አዲስ ስንጥቅ፣ በተለይ ከቁልቁለቱ ጫፍ ወደ ጎን የሚሄድ። ያዘነበለ የመብራት ምሰሶ ወይም ዛፍ። እንደ ድሮው የማይዘጋ በር። ውሃ ባልነበረበት የሚፈልቅ ምንጭ፣ ጠርቶ የነበረ ምንጭ ሲደፈርስ። የድጋፍ ግንብ ሆዱ ሲወጣ ወይም የውሃ መውጫ ቀዳዳዎቹ ሲደፈኑ። ሐምሌና ነሐሴ በየሳምንቱ ይታዩ አለ። ይህን ሰው ሰፈራችን ድረስ ብጋብዘው ደስ ይለኛል።

19ኛው አባት ናቸው። እዚህ ተራራ ሥር 40 ዓመት ኖሬያለሁ፣ አንድ ድንጋይ አልወረደብኝም፣ ሰውን በባዶ አታስደንግጡ አሉ። 20ኛው በአክብሮት መለሰላቸው። ኮሎራዶም ሆነ ስዊዘርላንድ፣ የበረዶ ናዳ የሚገድለው እንግዳውን ብቻ አይደለም፣ ያንኑ ቁልቁለት ለዓመታት የተመላለሰበትን ነባሩንም ነው። መልመድ ያዘናጋል። የበረዶ ናዳ ሥልጠናውም ስለ በረዶ ብቻ ሳይሆን ስለዚህ ስለ መልመድም ያስተምራል።

21ኛው የእድራችን ዳኛ ናቸው። የእድሩን ዕቃ ቆጥረው ጻፉ። 14 አካፋ፣ 9 ዶማ፣ 2 መጥረቢያ፣ ቃሬዛ፣ ድንኳን፣ የእጅ ባትሪ። ይህ ሁሉ እስከ ዛሬ የወጣው ለቀብር ነው አሉ። ጥሩምባም አለን። ጥሩምባ ነፊያችን ለለቅሶ የሚነፋውን ሁሉም ያውቀዋል፣ ስለዚህ «ሽሹ» ለማለት ሌላ አነፋፍ ይበጅ፤ አጭር አጭር፣ ሳያቋርጥ። ጥሩምባው ሲሰማ ማንም አካፋውን ለማንሳት አይጎንበስ፣ ጥሎ ይሂድ። ለእሳትና ድንገተኛ አደጋ 939 እና ለአምቡላንስ 907 የሚደውል አንድ ሰው በስሙ ይመደብ፣ ሁሉም ደወለ ተብሎ ማንም ሳይደውል እንዳይቀር። ታክሲ ማቆሚያው ድረስ ወርዶ መኪናውን የሚመራ ልጅም ይመደብ፣ የቤት ቁጥር ብሎ ነገር እኛ ጋ የለምና። እኚህ ሰው ከእኔ ጋር 6 ዓመት ሠርተዋል። እንዲህ ረጅም ነገር ሲጽፉ አይቼ አላውቅም።

22ኛው እንደገና እኚያ አባት ናቸው። 18ኛውን ካነበቡ በኋላ ግቢያቸውን ዞረው እንዳዩ ጻፉ። የጓሮው ሽንት ቤት በር ካለፈው ክረምት ወዲህ መሬቱን ይፍቃል። የሰፋ እንጨት መስሏቸው ሁለት ጊዜ አስልገውታል። የልጅ ልጃቸው እዚያ በኩል እንዳይጫወት ከልክለዋል። ተማሪው መጥቶ እንዲያይላቸው ለመኑ።

23ኛው የእድር መዋጮ መጨመሩን ያነሳ ነው። ለእሱ ስብሰባ አለ፣ እዚህ አልመልስም።

24ኛው የአክስቴ ልጅ ራሱ ነው፣ ከኮሎራዶ። መጀመሪያ ፎርማኑን አመሰገነ፣ አፈርን የሚያውቀው እሱ ነው አለ። ከዚያ እኔን አረመኝ። የጻፍከው ሁሉ ስለ ማውጣት ነው፣ የበረዶ ናዳ የመጀመሪያው ደረጃ ኮርስ ሦስት ቀን ነው፣ አብዛኛው ጊዜ የሚያልፈው ግን ከመነሻው ላለመቀበር በሚሰጠው ትምህርት ነው አለ። የዕለቱን የአደጋ መጠን ማንበብ፣ ከ1 እስከ 5 ነው። ቁልቁለቱን ማየት። ትናንት የወረደ ናዳ አለ ወይ? በረዶው ከእግር ሥር ድምፅ ያሰማል ወይ? አደገኛ ቦታ መሻገር ግድ ከሆነ አንድ በአንድ፣ ሌሎቹ ደኅና ቦታ ቆመው እያዩ። ስለዚህ እኛም ሐምሌ ከመግባቱ በፊት የተራራውን ጎን ዞረን እንድናይ፣ የላይኛውን የጎርፍ ቦይ እንድንጠርግ፣ ሌሊት ከባድ ዝናብ ሲጥል ከተቆረጠው አፈር ሥር ያሉት ቤተሰቦች ወዴት ሄደው እንደሚያድሩ አሁን እንድንወስን መከረ። 15ኛዋንም በስሟ ሳይጠራ አሰባት። የእድሩ አዳራሽ አለ፣ ምንጣፍ እናነጥፋለን ብዬ ጽፌላታለሁ። እስካሁን አልመለሰችም።

ልምምዱ የፊታችን እሁድ ከእድር ስብሰባ በኋላ ነው። ከሜዳው ዳር ያለው አሸዋ ክምር ላይ እንጀምራለን። በጭድ የተሞላ ጆንያ ይቀበራል። ነርሷ ትመጣለች፣ ፎርማኑም ጣውላና አጣና ይዞ ይመጣል። አካፋ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ።

25ኛው ማታውን የገባ ነው፣ የሳውላው ልጅ። ከየካ አባዶ በጠዋት ተነስቶ እንደሚደርስ ጻፈ። ሌሎቹ ሲቆፍሩ ወደ ላይ የሚያየው ሰው እሱ እንዲሆን ጠየቀ። ጥሩምባውም በእሱ እጅ ይሁን አለ። ዳኛውን ደውዬ ጠየቅኳቸው። ይስጡት አሉ።